የሦስተኛው ክፍል ብልጭታ

ሬይዳር ሽማግሌ አይወድም። በተለይ ደግሞ እጁ እየተንቀጠቀጠ "ይህን ያህል ዓመት ሠርቻለሁ" የሚል ሽማግሌ።

ኦድቫር ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቷል። በርገን ዳርቻ፣ ተራራ ተፈልፍሎ በተሠራው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍባቸውን፣ በጋዝ የታጨቁ ወፋፍራም ቱቦዎች የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት የቱቦውን ሦስተኛ ክፍል ጠግኖ ዘጋ። ዛሬ ረቡዕ ሬይዳር ከኦስሎ የመጣው ያንን ሊፈትሽ ነው። ጥፋት ከተገኘ ኦድቫር የሥራ ፈቃዱን ይነጠቃል። ለጡረታው ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።

ሬይዳር በር ላይ ያለውን የጣቢያውን መዝገብ ሳያነብ ፈረመ። ከጣሪያው መብራቶች አንዱ እየጠፋ እየበራ ጢዝ ይላል።

"ልጄ፣ ከመጀመርህ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ፤ ይሄ መስመር..." አለ ኦድቫር።

"ስለ መስመር ካንተ ልማር?" ሬይዳር መሣሪያውን ቱቦው ላይ ለጠፈ። "ይልቅ እኔ ላስተምርህ። እዚህ ውስጥ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ብረት ብትወድቅ፣ ኤሌክትሪኩ ሲጫናት ብልጭ ትላለች። ጆሮ አይሰማትም፤ ይሄ ግን ይሰማታል። ዛሬ ብልጭታ፣ ነገ ፍንዳታ፣ ከዚያ ግማሽ ከተማ ጨለማ።"

"እሱንማ አውቃለሁ፤ እኔ ያልኩህ ግን..."

"ካወቅህ ዝም በል።"

ኦድቫር አንድ ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ በወረቀት የጠቀለለውን ዳቦ በቡናማ አይብ መግመጥ ጀመረ።

ሰዓት ሳይሞላ፣ የጣሪያው መብራት በጠፋና በበራ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ነጠብጣቦች ይፈሉ ጀመር። ሬይዳር ሳቀ።

"ና እየው! ዘርተህበታል እኮ! ምንድን ነው የጣልክበት? ብሎን ነው ወይስ ጥርስህን?"

"ምንም አልጣልኩም።"

"በዚህ እጅ? ብረቱ ይቅርና የዳቦህ ፍርፋሪም ሳይገባ አይቀርም፣ አባባ። ቤትህ ገብተህ ድመት ብታሳድግ ምናለ?"

ኦድቫር የዳቦውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ኃላፊ ሲኖቨ መጣች። የሁለት ሳምንት ዕረፍቷን ጨርሳ ሥራ የገባችው ገና ዛሬ ነው፤ የዝናብ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። ሬይዳር፣ ኦድቫር አጠገባቸው ቆሞ ሳለ እንደሌለ ቆጥሮ ነገራት። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ብረት አለ። ጥርጥር የለውም። ቱቦው ተከፍቶ ይጸዳ፤ የዘጋው ሰው ደግሞ ሁለተኛ መፍቻ አይጨብጥ። ይህንኑ በጽሑፍ አስፍሮ፣ ከነማዕረጉ ፈርሞ ሰጣት።

ሲኖቨ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። ኦድቫርን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

"ኦድቫር፣ እርስዎ የሚሉት ነገር አለ?"

"ምን ይላል?" ሬይዳር ቀደመው። "ሰው ይዋሻል፤ መሣሪያ አይዋሽም። የእኔ መሣሪያ ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም።"

ሲኖቨ ተነፈሰች። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"እሺ። ይከፈት ካልን መጀመሪያ መስመሩ መጥፋት አለበት። ኦድቫር፣ መቼ ማጥፋት ይቻላል?"

"ሰኞ ጠዋት እኮ ነው ለሌላ ጥገና ያጠፋነው" አለ ኦድቫር፤ "እስካሁንም አልበራም።"