ሁለተኛው ድምፅ

በዚያ ዘመን ዘፈን ሲቀዳ የተዘፈነለትን ሰው ትዝታ ከዘፋኙ ነቅሎ ለአድማጩ ይሰጥ ነበር። ድሮ አብረው ይዘፍኑ የነበሩትና ከስድስት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ለአዲስ አልበም የተገናኙት ኢዮስያስና ብርክታዊትም ይህን ያውቃሉ።

«ሟች እናቴን እዘፍናታለሁ፤ ሐዘኑ ይውጣልኝ» አለ ኢዮስያስ።

«የእኔዋ በሕይወት አለች። እኔ አፌን አልከፍትም» አለች ብርክታዊት እያማተበች።

ዘፈነ። አዝማቹ ላይ «እናቴ» ሲል ግን የድሮ ልማዷ ቀደማት፤ ሳታስበው ሁለተኛውን ድምፅ ይዛ ገባች።

ኢዮስያስ መቅጃውን አጠፋ። «አንቺ ሴትዮ! ምን አደረግሽ?»

«ደህና ነኝ» አለች። የእናቷን መልክ ለማስታወስ ግን አልደፈረችም።

ስልኳ ጮኸ። አንዲት አሮጊት ናቸው፤ «ብርኬ፣ ልጄ፣ እህል ቀመስሽ?» አሏት።

ብርክታዊት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች።

«ይቅርታ፣ ማን ልበል?»