የሰጠመው ማሳ

ባልቴቷ በሰጠመው ማሳዋ መሀል ስትቆም ውሃው አንገቷ ላይ ደረሰ። ወንዙ በየክረምቱ የሚኖሩባትን ደሴት ራስጌ እየሸረሸረ ግርጌዋ ላይ አዲስ ደለል ይከምር ነበር። መሬት የተወሰደበት ሰው ማሳው ላይ ቆሞ ውሃው እስከ አናቱ ከሸፈነው፣ በደሴቲቱ ደንብ አሮጌው ማሳ ከስሙ ይሰረዝና ከአዲሱ ደለል ይሰጠው ነበር። ካልሸፈነው ግን ውሃ የተኛበትን መሬት እንደያዘ ይቀራል።

«እትዬ፣ ጉልበትሽን አጠፍ አድርጊያ!» ሲል ዳር ላይ የመለኪያውን ገመድ የያዘው የባሏ ታናሽ ወንድም ተጣራ። «ሁላችንም እንደዚያው ነው ያደረግነው።»

«አንተማ ሳትታጠፍም ትሰጥማለህ፣ ድንክ!»

ዳር የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እሱም ስቆ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የዘር ጊዜው እያለፈ ነው እኮ። ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው?»

አምና በዚህ ጊዜ ከሟቹ ባሏ ጋር እዚሁ ቦታ ላይ ጎን ለጎን አጎንብሰው ባቄላ ይዘሩ ነበር። አሁን ዝቅ ካለች ማሳው የሱ መሆኑ ያከትማል። አየር ሳበችና ጉልበቷን አጠፈች፤ ውሃው ከራሷ በላይ ተከደነ። በጭቃው ውስጥ እጇን ስትሰድ፣ ባሏ ጎርፉን ይገታልኛል ብሎ የካበውን ካብ አገኘች። አንድም ድንጋይ አልተናደም። ከላይ «ሰጥሟል! ተሰርዟል! በቃ፣ ውጪ!» የሚል የደበዘዘ ጩኸት ሰማች። እሷ ግን ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ እዚያው ቆየች።