ከናቕፋ የወረደው ነጭ ነጥብ

ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ልጆቼ። ነጻነት በመጣ በሦስተኛው ዓመት አስመራ አየር ማረፊያ፣ የአየር ጠባይ ቢሮ ውስጥ ተላላኪ ነበርኩ። ሳተላይቱ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ዘወትር እኛኑ እያየ በየግማሽ ሰዓቱ ፎቶ ይልካል። እኔ ከማሽኑ እያነሳሁ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። በፎቶው መሬቱ አይነቃነቅም፤ የሚሄደው ደመናው ብቻ ነው።

ልጄ ለተብርሃን በነጻነቱ ትግል ተሰውታ ነበር። ናቕፋ ላይ በእጇ የቀበረቻት ጓደኛዋ፣ አስመራ ጎዳይፍ ሰፈር ካለው ቤታችን መጥታ ነገረችን። ባለቤቴ ንግስቲ አላመነችም፤ በየቀኑ የልጃችንን አልጋ ታነጥፋለች። እኔ አላለቀስኩም። ፎቶ እለጥፋለሁ።

አንድ ጠዋት ናቕፋ ላይ ነጭ ነጥብ ታየ። ከዚያ አውቶቡሱ ወደ አስመራ በሚመጣበት መንገድ ወረደ። አፍዓበት ከተማ ላይ አንድ ሰዓት ቆመ፤ ከረንም እንደዚሁ።

«አቦይ ንጋሲ፣ ደመናችን እንደ መንገደኛ ሻሂ እየጠጣ ነው!» አለ የሜትሮሎጂ ባለሙያው ማትያስ እየሳቀ። «ግን ነፋሱ ወደ ሰሜን ነው እኮ፤ እሱ ወደ ደቡብ ይመጣል።»

አስር ሰዓት ተኩል ላይ ነጥቡ አስመራ ገባ። ማትያስ መስኮቱን ከፈተ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መሳቁን ተወ።

በሚቀጥለው ፎቶ ነጥቡ የለም። ስልክ ጮኸና ማትያስ አነሳው። ሰማ፣ ሰማና በሁለት እጁ አቀበለኝ።

«ልጅዎ ነኝ ትላለች» አለኝ።

ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

«ኣቦ» አለችኝ፣ «እማዬ በሩን አልከፍትም አለችኝ።»

የለተብርሃንን ስም ብቻ አትርሱብኝ፣ ልጆቼ።