መሃል ያለችው ቦርሳ

ልብስ ሰፊዋና ጎረቤቷ ነርስ ከሒሳብ ውድድሩ አዳራሽ ደጃፍ፣ አንድ አግዳሚ ላይ፣ ቦርሳ መሃላቸው አጋድመው ተቀምጠው ነበር። ሴት ልጆቻቸው ውስጥ ናቸው፤ በውድድሩ ውጤት የሚቀበለው ልዩ ትምህርት ቤት ግን ከሰፈራቸው የሚወስደው አንድ ልጅ ብቻ ነው።

«የኔዋ መቼ አጥንታ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የኔዋማ ጨዋታ ብቻ» አለች ነርሷ።

ይኼኔ እዚያው ሰፈራቸው የሚኖረው አስጠኚ በግቢው በር ገባ። ልብስ ሰፊዋ «ለነርሷ ትንፍሽ እንዳይሉብኝ» ብላ በድብቅ የቀጠረችው ሰው ነበርና፣ እንዳላየች ፊቷን አዞረች። ነርሷም አዞረች። እሱ ግን «ጎበዞቼ ገቡ?» ብሎ ሁለቱንም ጨበጣቸው።

በሐፍረት አንገታቸውን እንደደፉ፣ የተወዳዳሪ ቁጥር ደረቷ ላይ የለጠፈች ልጅ ከአዳራሹ ሮጣ ወጣች። «አባዬ፣ ኮምፓሴን አመጣህልኝ?» አለችው አስጠኚውን።

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ከመሃል አነሳች። «ጠጋ በይ እስቲ፣ እህቴ» አለች። «የኔዋን ጂኦሜትሪ ጭራሽ አላስነካትም። ያንቺዋንስ?»