አራት ጣት የሚያጥር ሱሪ

ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ታሪኩን የነገሩኝ ሦስት ሰዎች በቀኑ አይስማሙም፤ አንዱ ጥቅምት ነው ይላል፣ ሌላው ኅዳር። በዓመቱ ግን ሦስቱም አንድ ናቸው፦ 1982። ከጁምዓ ሶላት በኋላ መሆኑም አላከራከራቸውም።

ቦታው ደሴ፣ ፒያሳ፣ የዘይኑልአቢዲን የልብስ ስፌት ቤት ነው። ዓርብ ዓርብ ሁለት ወዳጆቹ ይመጣሉ፤ እህል ነጋዴው በሺርና በአሰብ መንገድ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳው እንየው። በሩን ገርበብ ያደርጉና ጦርነቱን ይመራሉ።

የመንግሥት ጦር መቀሌን ለቆ ከወጣ ስምንት ወር አልፏል። ውጊያው ወደ ወሎ እየወረደ ነበር።

«ጥፋቱ የአለቆቹ ነው» አለ በሺር። «ዛሬ የሾሙትን ነገ ይሽራሉ። ወታደሩ የአዛዡን ስም ሳይለምድ አዛዡ ይቀየራል።»

«ችግሩ አለቃ አይደለም፣ መንገድ ነው» አለ እንየው፤ የልብስ ሰፊውን ጠመኔ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ አሰመረበት። «ይኸው ወልድያ። ይኸው አላማጣ። ጠመዝማዛ ላይ ነዳጅ የሚረግጥ ጅል ነው። ፍሬን ይዞ መጠበቅ ነው የሚሻለው።»

«እየጠበቅን አይደል እንዴ እዚህ የደረሱብን?»

«ያሰመርክበት የሰው ኮት ነው» አለ ዘይኑልአቢዲን፣ ጨርቁን እየነጠቀው። «ደሞ ድምፃችሁን ቀነስ አድርጉ።»

ድምፅ የሚያስቀንሰው ነገር ከራሳቸው በላይ ነበር። ከጣሪያው ሥር ባለው ቆጥ ላይ፣ ከጣቃ ጨርቅ ጀርባ፣ የዘይኑልአቢዲን አንድ ልጅ ጀማሉዲን ተኝቷል። ዕድሜው ዐሥራ ዘጠኝ ነው። የውትድርና አፈሳው ከበረታ ወዲህ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ከተያዘ ቀጥታ ወደ ግንባር ነው።

በዚህ መሀል አንድ የማያውቁት ሰው በሩን ገፍቶ ገባ። ጎልማሳ ነው። ጸጉሩ ባጭሩ ተከርክሟል፤ ኮቱ የሲቪል፣ ጫማው የወታደር ነው። ከላስቲክ ውስጥ ሱሪ አውጥቶ ለዘይኑልአቢዲን ሰጠው።

«አራት ጣት ይጠር» አለ፣ መቶ ሰው አሰልፎ የሚናገር ይመስል።

ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከደረት ኪሱ ደብተርና እርሳስ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ የሚናገረውንም ሰው አፍ አፉን ማየት ጀመረ።

መጀመሪያ የነቃው በሺር ነው። ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዳልኳችሁ፣ አመራሩ እንከን የለውም። ምናልባት አንድ ብርጌድ ቢጨመር።»

«ብርጌድ ምን ሊረባ» አለ ፍሬን ያዙ ሲል የነበረው እንየው። «ሦስት ክፍለ ጦር። ያለ ፍሬን።»

«አምስት።»

«በአምስቱ ላይ የጦር መርከብ።»

«ትግራይ ላይ ባሕር አለ እንዴ አንተ?»

«ይቆፈራላ።»

ሰውየው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ምላጭ አወጣና እርሳሱን መቅረጽ ያዘ።

ይህኔ ከቆጡ ላይ አሮጌ የከሰል ካውያ ወደቀ። ከመጋረጃው ጀርባ የቆርቆሮ በርሜል ላይ አርፎ ጎረቤቱን ሁሉ አስደነገጠ። በሺር ከወንበሩ ዘለለ። ደጅ የቆመው የጋሪ ፈረስ ደነበረ።

ሰውየው ቀና አላለም። እርሳሱን ይቀርጻል።

«አለቀልን፣ ያውቃል» አለ በሺር በሹክሹክታ። «የማያውቅ ሰው ቀና ይል ነበር።»

ለዘይኑልአቢዲን አንድ መውጫ ብቻ ታየው፤ ዱዓ። መዳፎቹን ዘረጋ። በሺርም ዘረጋ። እንየውም ማተቡን እንዳሰረ፣ እንደ ማንኛውም የወሎ ልጅ ዘረጋ።

«ያ ረቢ» አለ ዘይኑልአቢዲን፣ «ጦራችንን እርዳልን። እኔም ባሪያህ ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሄጄ፣ በፈቃዴ ተመዝግቤ ልዘምት ስለት ገብቻለሁ።»

ሰውየው የተዘረጉትን መዳፎች አየ። እርሳሱን አስቀምጦ የራሱንም ዘረጋ።

«አሚን» አለ። ድምፁ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ።

እንግዳ አሚን ያለበት ስለት ደግሞ አይታጠፍም።

ዘይኑልአቢዲን ሱሪውን ከፍ አድርጎ አሳየው። «ለመቼ ይድረስልዎ?»

ሰውየው ደብተሩን ከነእርሳሱ ዘረጋለት። «ይጻፉልኝ።»

ዘይኑልአቢዲን ስሙን እስከ አያቱ፣ ቀበሌውንና የቤት ቁጥሩን ጻፈ። ሰውየው አነበበው። ቅጠሉን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ትንሽ ግራ እንደመጋባት ብሎ አመሰገነና ሄደ።

ሰኞ የቀበሌዋ ጸሐፊ ሸዋረጋ የስድሳ ዓመቱን ዘማች ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጋሼ ዘይኑ፣ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት መነጽር የሚያደርጉ ሰው ምኑን ሊተኩሱ ነው?»

«ስለት ነው ልጄ። ምስክርም አለበት።»

እስክሪብቶዋን ነክሳ አሰበች። «ኮምቦልቻ ለጦሩ ልብስ የሚሰፋበት አዳራሽ ሰው አጥሯል። እሱም ዘመቻ ነው። ከነረዳትዎ ልጻፍዎ? ረዳት አለዎት?»

«አለኝ» አለ ዘይኑልአቢዲን። «ጀማሉዲን ይባላል።»

ማህተሙ ተመታ። በማግስቱ ጀማሉዲን ከወራት በኋላ ፀሐይ ሞቀ። ከአባቱ ጋር ኮምቦልቻ ሲወርድ አፋሾቹ ኬላው ላይ አስቆሙት፤ ወረቀቱን አዩና «ጓድ፣ እለፍ» አሉት። እስከ ግንቦት 1983 የሸሚዝ ቁልፍ ሲተክል ከረመ። አባትየው በየዓርቡ ያንን ሰላይ ይመርቀው ነበር ይባላል።

ራሴ ጠይቄ ያረጋገጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያኔ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሲስተር ሐዋ ሰውየውን ከነደብተሩ ያስታውሱታል፦ መድፈኛ ነበር፣ ሁለቱም ጆሮዎቹ አይሰሙም።