ራስ ያለበት ወረዳ

አንጋፋው የአምቡላንስ ሾፌር ከደንብ ንቅንቅ አይልም። ሁለቱ አጎራባች ወረዳዎች በሽተኛን «የናንተ ነው፣ የናንተ ነው» እየተባባሉ ሲገፋፉ ኖረው በመጨረሻ ስምምነት ሲፈራረሙ፣ «ድንበር ላይ የወደቀ ሰው፣ ራሱ፣ ማለትም ጭንቅላቱ፣ ባለበት ወረዳ አምቡላንስ ይነሣል» የሚለውን አንቀጽ ጠረጴዛ እየደበደበ ያስጻፈው እሱ ነው።

ዛሬ እማማ የሺመቤት ከበቅሎ ወድቀው፣ እግራቸው ተሰብሮ፣ ድንበር በሆነው ወንዝ ላይ በተዘረጋው፣ የጎን መከታ በሌለው ድልድይ መሀል ተጋድመዋል። ሁለቱም አምቡላንሶች ከየአቅጣጫው ደርሰው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ራሳቸው በእናንተ በኩል ነው» አለ የማዶው ሾፌር፣ ወጣቱ ደምለው።

«በእኛ በኩል ያለው ነጠላቸው ነው! ራሳቸው የናንተ ነው!»

«ልጆቼ፣ የተሰበረው እግሬ ነው እኮ» አሉ እማማ የሺመቤት እያቃሰቱ። «ከራሴ ምን አላችሁ?»

«ትንሽ ይታገሡ እማማ፤ ደንብ ደንብ ነው።»

ሾፌሩ ከኪሱ ሜትር መዘዘና ጫፉን ለደምለው አስያዘው። የድልድዩን መሀል አስተካክሎ ለማየት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ለሦስተኛው እርምጃ ድልድይ አልነበረም።

ዓይኑን ሲገልጥ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ተንጋሏል፤ ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል።

«ኧረ በሕግ! ድረሱልኝ!»

ደምለው ስምምነቱን እያገላበጠ ከላይ ብቅ አለ።

«መጣሁ ጋሼ፣ መጣሁ! ግን ስለ ወንዙ ምን ብለው ነበር ያስጻፉት?»