የናሆም ኮፍያ

ሴትዮዋ የሶፋ ዳንቴል እየሠራች በመሀል በመሀሉ ስልኳን ታያለች። ኪሮሽ የሚሠሩ ሴቶች የሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ ካገኘች ሳትገባ አታልፍም። የምትፈልገው ግን አዲስ ዲዛይን አልነበረም። ያለ ፈቃዴ አገባሽ ብላ በሩን የዘጋችባት ልጇ ማኅደር፣ የትም ብትሆን ኪሮሽ እንደማትተው ታውቃለች። ስሟን አይታ እንዳትሸሽ «የዳንቴል ወዳጅ» ተብላ ነው የምትገባው።

ዛሬ «የናሆም እናት» የምትባል ሴት የሕፃን ኮፍያ ፎቶ ለጠፈች።

«ጫፉ እየጠበበ አስቸገረኝ። ምን ላድርግ?»

የኮፍያው ዙር ሌላው ሰው ከሚሠራው በተቃራኒ ነበር የሚዞረው። ሴትዮዋ ፎቶውን አጉልታ አየችው።

«ግራኝ ነሽ እንዴ?» ብላ ጻፈችላት።

«ኧረ አይደለሁም። ልጅ ሆኜ እናቴ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ እያየሁ ስለተማርኩ፣ የእሷ ቀኝ ለእኔ ግራ ሆኖብኝ ነው። ኪሮሽ ላይ ብቻ ግራኝ ነኝ።» የሳቅ ምልክትም ጨመረችበት።

ሴትዮዋ «ማሂ» ብላ ጻፈችና አጠፋችው።

«ታዲያ እናትሽን አትጠይቂያትም?»



«ሞታለች።»

ሴትዮዋ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቆይታ መልሳ አነሣችው።

«ነፍስ ይማር» ብላ ጻፈች። «የመጨረሻውን ዙር ስትሠሪ ክሩን ላላ አድርጊው። የልጅ ጭንቅላት ያድጋል።»

«እሺ እህቴ፣ ተባረኪ።»

የቀረውን የዳንቴል ጫፍ ሠርታ ጨረሰች። ክሩን ቆረጠች፣ ዳንቴሉን አጣጥፋ ቅርጫቷ ውስጥ አስቀመጠችው።